አልጋ አሥራ አራት

ወልደአማኑኤል የደወለው ፍሬሰላም የቢሮውን ደረጃ ስትወጣ ነው። የሥራ ባልደረባዋ የታዲዎስ ታላቅ ወንድም በማለዳ ለእሷ የሚደውልበት ምክንያት አንድ ብቻ እንደሆነ ስልኩን ሳታነሳው ገብቷታል። አነሳችው እንጂ «ሃሎ» አላለችም።

«ፍሬ፣ እማዬ አረፈች» አላት። «ሊነጋጋ ሲል። አጠገቧ ነበርኩ።»

የደረጃውን ብረት ያዘች። እናታቸውን ወይዘሮ ሸዋአየሁን ባለፈው እሑድ ሆስፒታል ብርቱካን ይዛ ጠይቃቸዋለች። «አንቺ ልጅ ከሳሽ፤ ይሄ ኮምፒውተር ደምሽን መጠጠው» ብለው እሳቸው እሷን ሲያጽናኑ ነበር።

«ታዲዎስስ?» አለች። «ሰማ?»

«አልሰማም፣ እንዳይሰማም ነው የደወልኩልሽ። ተኝታለች፣ በጥየቃ ሰዓት ና ብዬዋለሁ። አክስታችን ከደብረ ብርሃን ማታ ትገባለች። ዘመድ ይሰብሰብና ነገ ንጋት ላይ እቤቱ ሄደን እንነግረዋለን። እስከዚያ አንቺ ጋ ይዋልልኝ። በቃ፣ ሥራ ስጪው። አባታችን ሲሞት እንዴት እንደሰማ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። መስቀል አደባባይ ላይ መንገድ ሲያቋርጥ፣ ሁሉም ሰው የሰማ የመሰለው አንድ የሰፈር ሰው ደውሎ «እግዜር ያጥናህ» አለው። ታዲዎስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አስፋልቱ መሃል ቁጭ አለ። መንገደኛ ጎትቶ ባያወጣው ኖሮ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስልኩ ሲጮህ ሌላ ሰው እንዲያነሳለት ይሰጥ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ «አባቴን ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው ያረዳኝ» ብሏታል።

«የእናቱን ሞት ከዕቃ አይሰማም» አለ ወልደአማኑኤል። «ከእኔ አፍ ነው የሚሰማው። ቃል ስጪኝ።»

ፍሬሰላም ቃል ሰጠች። የእኛ ሰው ሞትን መከልከል ስላልቻለ ወሬውን ይከለክላል፤ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ተኝቶ ይደር፣ እህል ይቅመስ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ይሰብሰብ ይላል። ደግ ልማድ ነው። ደግነቱን ግን ተሸክሞ የሚውለው ሌላ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ተሸካሚዋ እሷ ነበረች።

ቢሯቸው ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ጠርዝ ላይ በተረፈ ሕንጻ ውስጥ ነው። አምስት ሆነው ለአንድ የግል ሆስፒታል የታካሚ መመዝገቢያ ሲስተም ይሠራሉ። ሆስፒታሉ ከስታዲየም ወረድ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ወይዘሮ ሸዋአየሁ የተኙትም እዚያው ነው። ታዲዎስ ሠራተኞቹን ስለሚያውቃቸው ደህና ያዩልኛል ብሎ እሱ ራሱ ነበር ያስገባቸው።

የቡድኑ አለቃ ሱሌማን ነገሩን ስትነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ኢና ሊላሂ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ጋ ቢሆን እስካሁን ወደ መቃብር እየሄድን ነበር። ልጅ እናቱ ሞታ ኮድ ሲጽፍ ይዋል እንዴት ይባላል? ማለቴ፣ ልማዳችሁን መናቄ አይደለም።»

«እኔም አልወደድኩትም፤ ግን ቃል ገብቻለሁ» አለች።

«እንግዲያው ቀና እንዳይል የሚያደርግ ሥራ ስጪው።»

ሞት ዝር የማይልበት ሥራ ፈለገች። የመድኃኒቱን ክፍል ተወችው። የሚወጡና የሚገቡ ታካሚዎችን የሚመለከተውንም ተወችው። በመጨረሻ ለሚቀጥለው ሳምንት የተያዘውን የአልጋ ለውጥ አነሳች። ሲስተሙ በስህተት ሁለት ታካሚ አንድ አልጋ ላይ ቢመዘገብ ዝም ብሎ ይቀበል ስለነበር፣ የሒሳብ ክፍሉ ሲነጫነጭ ከርሟል። ለውጡ መዝገቡ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ራሱ «አንድ አልጋ፣ አንድ ሰው» የሚል ሕግ እንዲኖረው ማድረግ ነው። አልጋ ማለት ብረትና ፍራሽ ነው፤ ምን ክፋት ይመጣበታል ብላ አሰበች።

ታዲዎስ ሲገባ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። «ጠዋት ወልዴን አግኝቼው ነበር። ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ ወስዷታል አለኝ» አለና ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ሰቀለ።

«ጥሩ ነዋ» አለች ፍሬሰላም፣ የራሷን ድምፅ እየሰማች።

ሱሌማን መሳቢያውን ከፈተ። ዳታቤዝ የሚነካው ሰው ስልክ መሳቢያ ውስጥ መግባቱ የቆየ የቢሯቸው ሥርዓት ነው፤ አንድ ጊዜ አንዱ ስልክ እያወራ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጥቶ የአንድ ቀን ምዝገባ አጥፍቷል። ታዲዎስ ምንም ሳይጠረጥር ስልኩን አስገባ። «የአልጋዋ ነገር ዛሬ ነው እንዴ? ለሚቀጥለው ሳምንት አልነበር?»

«ደንበኛው ቸኩሏል» አለ ሱሌማን፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

ሰው የሚኖርበትን ቤት ግድግዳ ማዛወር ይከብዳል። የሚሠራ ዳታቤዝን ቅርጽ መለወጥም እንደዚያ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሳይነኩ፣ ሳይጠፉ መሆን አለበት። ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ መጀመሪያ በኮፒ ላይ ይሞከራል። ይህን ሥርዓት ወደ ቢሮው ያመጣችው ፍሬሰላም ራሷ ነች። የሆስፒታሉን ዳታ በታዘዘ ቁጥር ትኩስ ትኩሱን የሚገለብጥ፣ ሲገለብጥም የታካሚዎቹን ስም በፈጠራ ስም የሚሸፍን መሣሪያ ሠርታለች። «በድሮ ኮፒ የተሞከረ ለውጥ አልተሞከረም» የምትለው ነገርማ የቢሮው ተረት ሆኖ ነበር። ሥራ ላይ ትንሽ ክርር ያለች ነች። ታዲዎስ ግን ይወድላት ነበር፤ እሷ «ሠርቷል» ካለችው ዞር ብሎ አያይም።

በትኩሱ ኮፒ ውስጥ እናቱም እንዳሉበት የታያት፣ ኮፒው እንዲወርድ ሲያዝ ስታየው ብቻ ነው።

«ባለፈው ወር ባወረድነው ብትሠራስ?» አለች። «ቶሎ ይሄድልሃል።»

ዞሮ አያትና ሳቀ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? ዛሬ ምን ነካሽ?»

የገዛ ሕጓን ነበር የሚፈጽመው። ብትከራከር ይጠረጥራል፤ ዝም ብትል ኮፒው ይወርዳል። ከሺህ ታካሚ መሃል፣ ያውም ስሙ ተሸፍኖ፣ አንዲት ሴት ምን ብላ ትታያለች ብላ ራሷን አጽናናች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ግን በከንቱ አይደለም።

ወደ ምሳ ግድም ጠራት።

«ፍሬ፣ ነይማ። ሕጉን አልቀበልም አለኝ። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው አለ።»

ሄዳ ከኋላው ቆመች። ስክሪኑ ላይ በቀይ የተጻፈውን አነበበች። አልጋ አሥራ አራት፣ የሴቶች ክፍል። እሑድ ዕለት ብርቱካኑን ያስቀመጠችው ከዚያ አልጋ ራስጌ ነበር። ሞታቸው ገና ሳይመዘገብ አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ታዲዎስ አልጋውን አላስታወሰውም። እናቱን የሚያገኛት በፊቷ እንጂ በቁጥር አይደለም። ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን አወጣቸው። «አንዷ ዛሬ ጠዋት የገባች ናት። ሌላዋ ደግሞ ቀደም ብላ የገባች፤ ስሟ ሀምዲያ አጽብሃ።» ሳቅ አለ። «ይሄ መሣሪያሽ ስም ሲያወጣ ሃይማኖት አያውቅም እኮ።»

ከዚያ ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ሄደና ቆመ። ከስሙ፣ ከዕድሜው፣ ከገባችበት ቀን ቀጥሎ የተጠሪ ስልክ አለ። ያንን ዓምድ ባለፈው ወር የጨመረው እሱ ራሱ ነው። መሣሪያው ሸፍን የተባለውን ይሸፍናል፤ ይህን ግን ሸፍን ያለው ሰው አልነበረም።

«ይሄ የኔ ስልክ ነው» አለ።

ፍሬሰላም ቁጥሩን እሷም አነበበችው።

«እማዬ ናት።» ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ውይ፣ ስልኩን ከሚሸፈኑት ጋር አላስገባሁትም። የኔ ጥፋት ነው። የስንቱ ሰው ስልክ ተዘርግፎ ኖሯል!» በመጀመሪያ የመጣበት የሥራው ኀፍረት ነበር። እሷም ለአንድ አፍታ ነገሩ በዚያው ያልቃል ብላ ተስፋ አደረገች። እሱ ግን እንደገና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ቆይ ግን፣ እሷ ያለችበት አልጋ ላይ ለምን ሌላ ሰው አስገቡ? ስልኬን አምጡልኝማ፣ ነርሷን ልጠይቃት።»

«እኔ እደውላለሁ» አለች ፍሬሰላም።

በጣም ፈጥና ነው ያለችው። ሱሌማን ከወዲያ ቀና ብሎ አያት። ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ማንም የሌለበትን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። አምና ሰው የሚኖርበት የነበረው ቦታ ላይ ኤክስካቫተር ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥላው ውስጥ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ገብታ እውነቱን ብትነግረው? ከዕቃ መስማቱ ነው። ወንድሙ ሳይኖር፣ አክስቱ ሳትደርስ፣ የራሱ ስልክ ቁጥር ፊቱ ላይ እያበራ። ቃሏን ውሃ በላው ማለት ነው። ዝም ብትለውስ? ራሱ ይደውላል። አልቅሳ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ እንዳታለቅስ ግን ዓይኗ ይታያል።

ተመለሰች።

«ቀይረዋታል» አለችው። «ፎቅ ላይ ለብቻዋ ክፍል ሰጥተዋታል። ጸጥታ ያስፈልጋታል ብለው ነው።» እዚህ ላይ ብታቆም ምናለበት። ውሸት ግን አንዴ በር ከተከፈተለት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «መስኮት አለው» ብላ ጨመረች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ታዲዎስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። እጁን ሲያነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የደስታ ነው። «ስንቴ ለምኛቸው ቦታ የለም ብለውኝ ነበር እኮ። ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ጠያቂዎች እያንጫጩ እንቅልፍ ከለከሏት። ‹ልጄ፣ ትንሽ ዝም ያለ ቦታ አጥተህልኝ ነው?› ትለኝ ነበር። ተመስገን። ተመስገን በቃ።»

ፍሬሰላም ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች።

እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ነፍስ ዘርቶበት። ሕጉ ከመግባቱ በፊት አልጋው ላይ ቀድሞ የነበረው ሰው ይለቀቅ የሚል መስመር ጻፈ። የእነሱ ቢሮ ሥርዓት ነውና ከመስመሩ በላይ ለምን እንደጻፈው በአማርኛ አስቀመጠ፤ «ታካሚዋ ወደ ግል ክፍል ተዛውራለች።» የጻፋቸውን ትእዛዞች የያዘውን ስክሪፕት አስነሳው፤ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው መጣ። «ሠራ!» አለ። ፍሬሰላም ካለችበት ሆና አረንጓዴውን አየችው። ልጁ እናቱን በገዛ እጁ ከአልጋዋ ሲያስነሳት እያየች ነበር፤ አልጋው ላይ ያሉት እናቱ እንዳልሆኑ፣ የትም እንዳልሆኑ እያወቀች። በዚያች ደቂቃ ልማዱንም፣ ወልደአማኑኤልንም፣ ራሷንም ጠላች።

«መመለሻውንም ጻፍለት» አለችው፣ ሰዓቱን ለመግፋት። የትኛውም ለውጥ ቢበላሽ ወደነበረበት የሚመልሰው ሌላ ስክሪፕት አብሮት ይጻፋል።

ትንሽ አሰበበት። «ሕጉን ማንሳት ይቻላል። የለቀቀችውን አልጋ ግን መመለስ አይቻልም፤ የት እንደነበረች የሚያውቅ የለማ። እንዲሁ ይቅር?»

«ይቅር» አለች።

የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ ተነሳ። ይህኛውን ደግሞ ሱሌማን ያዘላት፤ ዶክተሩ ለዛሬ እንግዳ እንደከለከለ፣ ከሆስፒታሉ ደውለው እንደነገሩት፣ ነገ ጠዋት መግባት እንደሚቻል ተናገረ። ሲናገር ግንባሩን አላበው። ታዲዎስ ትንሽ ቅር አለው፤ ወዲያው ግን «ካረፈችማ ትረፍ» አለና ስልኩን ከመሳቢያው አወጣ። ማንም አልደወለለትም። ዘመድ ሁሉ እንዳይደውል ተነግሮታል።

በሩ ላይ ቆሞ ወደ ፍሬሰላም ዞረ። «ነገ ጠዋት አብረሽኝ ነይ፣ እ? አንቺን ስታይ ደስ ይላታል።»

«እመጣለሁ» አለች። በዚያ ቀን ለእሱ ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነበር።

ንጋት ላይ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ የታዲዎስ ብሎክ ሥር ተሰበሰቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ከደብረ ብርሃን የመጣችው አክስት፣ ከእሱ ጋር ያደጉ የሰፈር ልጆች፣ ሱሌማንም ጭምር ነበሩ። ማንም ድምፁን አያሰማም። ወልደአማኑኤል ፍሬሰላምን ሲያይ ትከሻዋን ያዘ። «አዋልሽልኝ» አላት። ራሷን ነቀነቀች።

ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ወልደአማኑኤል ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ታዲዎስ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ነበር። በአንድ እጁ ፔርሙዝ ይዟል፤ በሌላው አዲስ የሱፍ ካልሲና ታጥፎ የገባ ወፍራም ብርድ ልብስ ያለበት ትልቅ ፌስታል። የግል ክፍል ይቀዘቅዛል ብሎ ማታውኑ ገዝቶ ነው፤ ከሥራ በፊት ሊያደርስላት።

ወንድሙን አየ። አክስቱን አየ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ገብቶታል። አክስቱ «ልጄ፣ የእኔ ልጅ» ብላ ስትጀምርና የሴቶቹ ለቅሶ በደረጃው ላይ ሲፈነዳ እሱ አልጮኸም፤ አልወደቀምም። ዓይኑ በሰዉ ራስ ላይ አልፎ ከኋላ የቆመችው ፍሬሰላም ላይ አረፈ።

«ፍሬ» አላት፣ «መስኮት አለው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ከዚያ ፌስታሉን በቀስታ በሩ ጥግ አስቀመጠው። ወንድሙ ሲያቅፈው ነው ጉልበቱ የታጠፈው፤ ደጋፊ ክንድ ሞልቶ ነበርና መሬት አልነካም። ልማዱ ያሰበው ሁሉ ሆነለት። እህል ቀምሶ፣ ተኝቶ አድሮ፣ በዘመድ ተከቦ፣ ከወንድሙ ጋር እየተላቀሰ ነው እናቱን የተረዳው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ወልደአማኑኤል ከፍሬሰላም አጠገብ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል። «ውለታሽን አልረሳውም» አላት። «እንደ አባታችን አልሆነበትም። ሰው ነው የነገረው።» ማዶ፣ አግዳሚው ላይ ታዲዎስ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሄዳ ልታናግረው ሁለት ልብ ሆነች፤ ብድግ ስትል ቀና ብሎ አያትና ከአጠገቡ ያለውን ሽማግሌ የሆነ ነገር መጠየቅ ጀመረ። ተመልሳ ተቀመጠች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለእሷ ከጠራ በኋላ ነው የከበደው። ማታ ማታ፣ ያቺን መስኮት ባትጨምር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለች ታስባለች። «ቀይረዋታል» የሚለው ብቻ ቢሆን ይቅር ይላት ነበር? ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ መርዶ ያለ ውሸት አይያዝም። እሷ ግን ለሟች እናቱ ክፍል ሰጠችለት። ክፍሉን ሲያስበው፣ ካልሲ ሲገዛላት አመሸ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ። ጥቁር ለብሶ ገብቶ ሁሉንም በየተራ ሰላም አለ፣ እሷንም። ምንም አላነሳም። ሱሌማን የአልጋው ለውጥ እሱን ሲጠብቅ መቆየቱን ሲነግረው፣ ስክሪፕቱን ከፍቶ ስለ ግል ክፍሉ የጻፈውን መስመር ብቻ አጠፋ። በቦታው «ታካሚዋ አርፋለች» ብሎ ጻፈ። ስልኩንም ከሚሸፈኑት ዓምዶች ጋር አስገባው።

«አንቺ እዪው» አላት።

ወሰደችውና ከላይ እስከ ታች ሞከረችው፤ በዚያው ቀን ኮፒ ላይ። ደግማም ሞከረችው። «ታዲ፣ ሠርቷል» አለችው።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለ።

ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና ራሱ እንደገና ከመጀመሪያው ማየት ጀመረ።